ለባሶ ያልተሰጠው ቁራጭ

ዶክተር ወኒንግ መጀመሪያ የመጣች ቀን መንደሩ ሁሉ ተቀየማት። ከመኪናዋ ወርዳ ደጃፌ ላይ ቆመች፣ ሳፋ አወጣች፣ በረኪና የተቀላቀለበት ውሃ ሞላችበትና ከነቦት ጫማዋ ገባችበት። ጫማዋን በብሩሽ ፈተገች፣ ገጀራዋን ነከረች፣ እጇን ታጠበች። ጎረቤቶቼ አጥር ላይ ተደርድረው ያያሉ።

"ምነው ልጄ፣ መሬታችን ቆሻሻ ነው እንዴ?" አልኳት። እኔ ነገር ሆዴ ውስጥ አያድርም።

"ኧረ አይደለም እማማ። ከሌላ መንደር በጫማዬ በሽታ ይዤባችሁ እንዳልገባ ብዬ ነው" አለች። "ስወጣም እታጠባለሁ።"

"ስትወጣም!" አለ ፓክ ማርጎኖ ከአጥሩ ወዲያ። የመንደራችን ሹም ነው፤ 'ፓክ' በኛ 'አቶ' እንደ ማለት ነው። "ዋጊናህ፣ የጠራሻት ሐኪም ገና ሳትገባ ናቀችን!"

"አንተን ለመናቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም" አልኩት። ከማርጎኖ ጋር አብረን ነው ያደግነው። ሹም ከሆነ በኋላም "እርስዎ" በይ ቢሉኝ ምላሴ እምቢ አለኝ።

አዎ፣ የጠራኋት እኔ ነኝ። የሙዝ ሐኪም ጠራች ብለው ስቀውብኛል፤ ይሳቁ። ልጄን እንዳላጣ ነው የጠራኋት።

ባሌ ከሞተ ጀምሮ የምኖረው ሙዝ በስሱ ከትፌ፣ ጠብሼ፣ ገበያ እያወጣሁ ነው። ያለችኝ አንድ ልጅ ናት፣ ሪስማ። ሱራባያ ከተማ ለሥራ ሄዳ ባሶ የሚባል የሱላዌሲ ደሴት ልጅ አግብታ ይዛ መጣች። "ወንድ ጠፍቶ ነው ባሕር ተሻግረሽ የምታመጪው?" ብዬ ጮኼባታለሁ። ያልኩትን ሁሉ መልሼ ዋጥኩት። ልጁ ሥራ ወዳድ፣ አንደበቱ የታረመ ነው። ከእናቱ ጓሮ የሙዝ ችግኝ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ፣ መርከብ ላይ ሕፃን እንደታቀፈ ሰው ታቅፎ አመጣው። ባሌ ጥሎት የሄደውን ባዶ መሬት ቆፍሮ ተከለው። በሁለተኛው ዓመት የዘለላውን ክብደት ያየ ሁሉ አፉን ያዘ።

ያኔ ነው አምና የመንደር ማጽጃው በዓል የደረሰው። እኛ በየዓመቱ ሩዝ ከተሰበሰበ በኋላ መንደሩን ከክፉ ነገር የምናጸዳበት ቀን አለን። በአዳራሹ የቆዳ አሻንጉሊቶች ጨዋታ በጠራራ ፀሐይ ይታያል። አሻንጉሊቶቹ እንዲቆሙ እንጨታቸው የሚሰካው እርጥብ የሙዝ ግንድ ላይ ነው፤ ግንድ ከሌለ ጨዋታ የለም። ማርጎኖ ደግሞ ጉራ ይወዳል። የኛ ግንድ አጠረው፤ ከተራራው ማዶ በጭነት መኪና የአዳራሹን ወርድ የሚያህል ግንድ አስመጣ።

አሻንጉሊት አጫዋቹ የመጀመሪያውን እንጨት ሲሰካ ከግንዱ ቀይ ውሃ ወረደ። ሁላችንም አየን። "ደም ሰጠን! ዘንድሮ በረከት ነው!" አሉ ሽማግሌዎቹ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ምን ይዋሻል።

ጨዋታው ሲያልቅ ግንዱ ይቆራረጣል። እያንዳንዱ ቤት አንድ ቁራጭ ወስዶ በገዛ ሙዙ ሥር ይቀብራል፤ በረከቱ ወደ ጓሮ እንዲገባ። የሚቆርጠውም የሚያድለውም ሹሙ ነው። ባሶ ተራውን ጠብቆ እጁን ሲዘረጋ፣ ማርጎኖ ገጀራውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሳቀ።

"ይሄ የመንደሩ ልጆች ድርሻ ነው። አንተ ገና እንግዳ ነህ፤ ከርሞ እናይልሃለን።"

ሰዉም ሳቀ። ባሶ የተዘረጋ እጁን ሰብስቦ ፈገግ አለ፤ ፈገግታው እስከ ዛሬ አንጀቴን ይበላኛል። ቤት ስንገባ የኔን ቁራጭ ለሁለት ሰንጥቄ ግማሹን ሰጠሁት።

"ይቅርብኝ እማ፤ ያልሰጡኝን አልወስድም" አለኝ።

"ኩራትህ ሙዝ አያበቅልልህም!" ብዬ ተቆጣሁት። እንደ ተናደድኩ ሁለቱንም ግማሽ በራሴ ሙዝ ሥር ቀበርኩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ የሙዞቼ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ተንጠለጠለ። ፍሬው ከውጭ ሲያዩት ምንም አልሆነም፤ ሲልጡት ውስጡ ዝገት መስሎ በስብሷል። ግንዱን ሲቆርጡት ደም የመሰለ ነገር ያዣል። የኔ ብቻ አይደለም፤ የሁሉም። መጥበሻዬ ቀዝቅዞ ተደፋ። አንድ ጓሮ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ቀረ፣ የባሶ።

የወሬን ነገር ታውቁታላችሁ። መድኃኒቱን ያውቃል፣ እሱ ነው ያመጣብን፣ የራሱን ደብቆ ነው ተባለ። አንድ ጠዋት ማርጎኖ ሰዎች አስከትሎ መጣ፤ ሁሉም ገጀራ ይዘዋል። "እንፈትሽ" አለና በስተ ምሥራቅ ጥግ ያሉትን ሙዞች ራሱ በገጀራው ጎራረዳቸው። ውስጣቸው ነጭ፣ እንደ ወተት። ይቅርታ እንኳ ሳይሉ ሄዱ። ግን ሁለት ወር ቆይቶ ያው የተቆረጠው ጥግ ቢጫ ሆነ።

"አላልናችሁም? ተደብቆ ነበር!" አሉ።

ከዚያ ወዲህ ባሶን ሰላም የሚለው ጠፋ። ለሥራ ደቦ አይጠሩትም። መስጊድ ከጎኑ የሚቆመው ሰው ሽራፊ ቦታ ትቶ ይቆማል። ሪስማ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት፤ የመጀመሪያ የልጅ ልጄን ይዛለች። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ሻንጣ በር ላይ ቆሞ አገኘሁ።

"ምንድነው ይሄ?"

"ስብሰባ ጠርተዋል እማ። ባሶ ነው ያመጣው ብለው ከወሰኑ ሱላዌሲ እንሄዳለን።"

"አንቺ! ከነሆድሽ? ባሕር ላይ?"

ባሶ ከጓዳ ብቅ አለ። "እማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ልጄ 'ደሙን ያመጣው ሰውዬ ልጅ' እየተባለ እንዲያድግ አልፈልግም።" እውነቱን ነው።

ስብሰባው ላይ ተነስቼ ማርጎኖን "ማስረጃህ ምንድነው?" አልኩት። "ችግኙ ከሱላዌሲ ነው፣ በሽታውም የሱላዌሲ ነው ይባላል፤ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ?" አለኝ። "ይባላልማ ስለ አንተም ብዙ ይባላል" ብዬው ሰዉን አሳቅሁ፤ በሳቁ መሃል የምርምር ጣቢያ ሐኪም መጥታ እስክታይ ውሳኔው እንዲዘገይ አደረግኩ። ደግ አደረግኩ።

እንግዲህ ዶክተር ወኒንግ እንዲህ መጣች። እግሯን እየታጠበች ገባች፣ እየታጠበች ወጣች። ከእያንዳንዱ ጓሮ የታመመ ግንድ ቆንጥራ በትንንሽ ብልቃጥ አደረገች። ከባሶም፣ ከማርጎኖም፣ ከኔም። አጃቢ ሳትፈልግ ተራራውን ተሻግራ ከማዶ መንደሮችም ሰበሰበች። የሱላዌሲውን ደግሞ እዚያ ያሉ ባልደረቦቿ ይልኩልኛል አለች። ማታውን በረንዳዬ ላይ የዝንጅብል ሻይ እየጠጣች ሳለ "ምኑን ልታዪበት ነው?" ብዬ አፋጠጥኳት።

"በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው፤ በዓይን አይታይም" አለችኝ። "ግን ውስጡ ዘረመል አለው። በሚሊዮን የሚቆጠር ፊደል የተጻፈበት መጽሐፍ ይበሉት። ሲራባ መጽሐፉን ለልጁ ይገለብጣል። ሲገለብጥ አልፎ አልፎ አንድ ፊደል ይሳሳታል፤ ልጁ ደግሞ ስህተቱንም ጭምር ለልጅ ልጁ ይገለብጣል። እኛ ፊደሉን ሁሉ አንብበን ስህተቶቹን ስናስተያይ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ይታወቃል።"

"እንደ ማርጎኖ በይኛ!" አልኩ።

"እንዴት?"

"ሦስተኛ ክፍል ሆነን ፈተና ከኔ ኮረጀ። እኔ የሳትኩትን ሳይቀር ገልብጦ አስተማሪው በስህተቱ ያዘው።"

ዶክተሯ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ ዝንጅብሉ በአፍንጫዋ ወጣ። "እማማ፣ ተማሪዎቼን ከእንግዲህ በማርጎኖ ነው የማስተምረው" አለች።

ሳቁ ለሷ ነው። እኔ ግን "ከባሶ ከሆነስ?" ብዬ ጠየቅኳት።

ፊቷን ዝቅ አደረገች። "ከእሱ ከሆነ ከእሱ ነው እላለሁ እማማ። ለማንም ብዬ ፊደል አልቀይርም።"

ወላሂ ጠላኋት በዚያች ደቂቃ። መልሼ ደግሞ ወደድኳት።

መጠበቅ እንዴት ያለ መከራ መሰላችሁ። ሻንጣውን ሰው ሲተኛ አልጋ ሥር እደብቀዋለሁ፤ ሪስማ ሲነጋ በር ላይ ትመልሰዋለች። አንድም ቀን አልተነጋገርንበትም። ባሶ የታመመውን ጥግ በገመድ አጥሮ፣ ዶክተሯ እንዳሳየችው በሩ ላይ የበረኪና ሳፋ አስቀምጦ፣ ቀሪውን ሙዙን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃል። አበባውን በቢላ መቁረጥ ትቶ በእጁ ነው የሚሰብረው። "ልትሄድ ነው፣ ለምን ትለፋለህ?" አልኩት። "የዚህ ሙዝ ጥፋት ምንድነው እማ?" አለኝ። ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

የውጤቱ ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ባሶና ሪስማ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ በዙሪያቸው ያለው ወንበር ባዶ ነው። ሄጄ አጠገባቸው ዘጭ አልኩ። ዶክተሯ ትልቅ ወረቀት ግድግዳው ላይ ሰቀለች፤ የዛፍ ቅርንጫፍ የመሰለ ሥዕል ነው፤ በየቅርንጫፉ ጫፍ የየጓሯችን ስም አለበት።

"አንደኛ" አለች፣ "በሁላችሁም ጓሮ ያለው፣ የባሶም ጨምሮ፣ የአንድ ቤተሰብ ባክቴሪያ ነው።"

አዳራሹ ተንጫጫ። "በቃ!" አለ አንዱ። ሪስማ እጄን ጨበጠችው፤ ጥፍሯ ገባብኝ።

"አላለቀም" አለች ዶክተሯ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። "ከሱላዌሲ የመጣውን እዩት፤ እዚህ ታች፣ ሩቅ ቅርንጫፍ ላይ ነው ያለው። ዝምድና አለው፤ ግን የሩቅ ነው። ይሄ በሽታ ከዚያ ወደዚህ ደሴት፣ ወደ ጃቫ፣ ተሻግሮ ከሆነም ባሶ ሳይወለድ ነው። የእናንተው የቅርብ ዘመድ ከተራራው ማዶ ያለው ነው።"

ፓክ ማርጎኖ ተነሳ። "ከማዶ ምን ይመጣል? እኛ ከማዶ ሙዝ አንተክልም!"

"በምን ተጭኖ እንደመጣ ፊደሉ አይነግረኝም፤ እሱን የምትነግሩኝ እናንተ ናችሁ" አለችው። "እኔ የማየው ቅርጹን ነው። እዩ፤ ከአንድ ጓሮ በቀር የሁላችሁም ከአንድ ነጥብ ነው የተነሳው። ከጓሮ ወደ ጓሮ እየተላለፈ ቢሆን አንዱ የሌላው ልጅ በሆነ ነበር። የናንተ ግን የአንድ እናት ልጆች ናቸው። በአንድ ጊዜ፣ በየቤቱ የገባ ነገር አለ። ምንድነው እሱ?"

ማዳበሪያ ነው አለ አንዱ፤ እሱ አልወሰድኩም አለ ሌላው። ዝናቡ ነው አሉ። ማርጎኖ ጭንቅላቱን ያካል። እኔ ወረቀቱን አየሁት፤ የየቤታችን ስም ከአንድ ነጥብ ወጥቶ ወደየአቅጣጫው ተበትኗል። ቁራጭ ተቀብሎ ወደየቤቱ እንደሚበተን ሰው።

"ወይ ጉድ!" ብዬ ተነሳሁ። "ግንዱ!"

"የቱ ግንድ?" አለች ዶክተሯ።

"የበዓሉ ግንድ ነዋ! ከማዶ የመጣው! ደም ሰጠን ብለን ያጨበጨብንለት! ተካፍለን በየሙዛችን ሥር የቀበርነው፤ እኔም ቀብሬያለሁ በገዛ እጄ፣ ሁለቱንም ግማሽ!"

ሁሉም የየራሱን እጅ የሚያይ መሰለኝ። ማርጎኖ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

"የባሶስ?" አለ ከኋላ አንድ ሽማግሌ። "የእሱ ጓሮም ታሟል። እሱም ወስዷላ።"

"አልወሰደም!" አልኩ። ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ። "እጁን ዘርግቶ ነፍጋችሁታል! እዚሁ አዳራሽ! አንተ ነፈግከው ማርጎኖ፣ እናንተም ሳቃችሁ!"

ዶክተሯ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። "አሁን ገባኝ" አለች። "የባሶ ቅርንጫፍ ብቻውን ነው ከሌሎቹ የሚለየው። ከእናትየው ነጥብ አይደለም የሚነሳው። የሌላ ጓሮ ልጅ ነው፤ ያ ጓሮ ብቻ ያለውን ስህተት ይዞ፣ አንድ የራሱን ጨምሯል። በገጀራ ተላልፎ ይሆናል። ከሌላ ሰው ጓሮ መጥቶ በእሱ ጓሮ የቆረጠ ሰው ነበር?"

ማንም የዚያን ጓሮ ስም እንድታነብ አልጠየቃትም። ከፊት የተቀመጠ ሁሉ ማንበብ ይችላል፤ ማርጎኖም ፊደል ያውቃል። ከኔ ነው የኮረጀው ብያችሁ የለ።

"ሊፈትሹት ሄደው አስገቡበት" አለች አንዲት ሴት፣ ለራሷ እንደምትናገር። ባሶ ቀና ብሎ ወረቀቱን ያያል። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነና ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሪስማ ጭንቅላቱን አቀፈችው። አልሀምዱሊላህ አልኩ።

ዶክተሯ ቀሪውን አስረዳች። መድኃኒት የለውም፤ ግን የሚሄድበት መንገድ ከታወቀ መንገዱ ይዘጋል። የታመመውን ነቅሎ ማቃጠል፣ ገጀራና ጫማ ማጠብ፣ አበባውን በእጅ መስበር፣ መሬቱን ማሳረፍ፣ ከዚያ ንጹሕ ችግኝ መትከል። "ንጹሕ ችግኝ ከየት እናምጣ?" አለ ሰዉ። "እዚሁ አላችሁ" አለች። "ከባሶ መሬት ምዕራቡን ጥግ ሦስት ጊዜ መርምሬዋለሁ፤ ምንም የለበትም።"

በማግስቱ ጠዋት በረንዳዬ ላይ ሆኜ አየሁ። ማርጎኖ ቦት ጫማ አድርጎ፣ ገጀራና ዶማ ይዞ በባሶ ጓሮ በር ቆመ። ብቻውን ነው። ሳፋው ውስጥ ገባ። አንድ እግሩን ፈተገ፣ ሌላውን ፈተገ፣ ገጀራውን ነከረ። ሽበቱ ላይ ፀሐይ አርፎበታል።

"ባሶ" ብሎ ተጣራ። "ልግባ?"

እኔ ብሆን እስኪመሽ አቆመው ነበር። ባሶ ከሙዞቹ መሃል ወጥቶ መጣና ጫማውን ትክ ብሎ አየው።

"ተረከዙ ላይ ጭቃ ቀርቷል ፓክ" አለው በትሕትና።

ማርጎኖ ጎንበስ ብሎ ተረከዙን እንደገና ፈተገ። ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቷል። "የቆረጥኳቸውን ራሴ ልንቀልልህ ነው የመጣሁት" አለ። "ደግሞ ሌላም አለ። በዓሉ ደርሷል። ግንድ የለንም። ከአንተ ብንወስድ... ከፈቀድክ ማለቴ ነው።"

ባሶ ዞሮ ሙዞቹን አየ። "ለጨዋታው እሰጣለሁ" አለ በመጨረሻ። "ቁራጩን ግን ማንም ቤቱ አይወስድም፤ ከጨዋታው በኋላ እዚያው ይቃጠል። ለየቤቱ ችግኝ እሰጣለሁ።"

"ለሁሉም?"

"ለሁሉም። የመንደሩ ልጅ የሆነም ያልሆነም" አለና ሳቀ። ማርጎኖም ሳቀ፤ ግን ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረበት። ተያይዘው ወደ ምሥራቁ ጥግ ሄዱ።

"እማ!" አለች ሪስማ ከቤት ውስጥ። "ሻንጣዬን የት ነው የደበቅሽው?"

"ለምን ፈለግሽው?"

"የልጁ ልብስ ውስጡ ነው። አጥቤ ላስጣው።"

ከአልጋው ሥር ጎትቼ አወጣሁላት። ትንንሾቹን ልብሶች አንድ በአንድ ገመዱ ላይ ሰቀለቻቸው። ባዶውን ሻንጣ ይዤ ቆሜ ምን ላድርገው አልኳት።

"የሙዝ ጥብስሽን ገበያ ያዢበት" አለችኝ።

ችግኙ እስኪያፈራ ከዓመት በላይ ይፈጃል። ቢፈጅ ይፍጅ፤ እስከዚያ መጥበሻዬን እወለውላለሁ።